ከአሥራ ሰባት በኋላ አሥራ ስምንት እስኪመጣ

ሰው ያልሞተበት ቤት ድንኳን አስተክያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው። አቃቂ ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ካጋጠማችሁ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት፤ እሱም ቢሆን እስከ ማታ ይሰማዋል።

የምነግደው ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ስፒከር፣ ቻርጀር፣ ኬብል፣ አንዳንዴም ምን እንደሆነ እኔም የማላውቀው ዕቃ። የማላውቀውን ዕቃ "ኦሪጅናል ነው" እያልኩ እሸጣለሁ፤ ኮፒው ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ስለሌለ እስካሁን የተከራከረኝ የለም። ከነዚህ መሀል አንዲት አውራ ጣት የምታህል የድምፅ ካርድ ነበረች። ላፕቶፕ ጎን ላይ ትሰካና ድምፁን ወደ ትልቅ ስፒከር ታሳልፋለች። ስም የላት፣ ካርቶን የላት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ዋጋዋን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በሙሉ ልቤ ለእድራችን አበረከትኳት።

የእድራችን ለፋፊ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሰው ሲሞት ጡሩምባቸውን ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ። አባሉም ግማሹ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ተበተነ። ጋሽ ደምሴ ከታች ቆመው ሲለፍፉ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ "ማን አሉኝ?" ይላቸዋል። ይደግሙለታል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ደግሞ "ሰዓቱን አልሰማሁም" ይላል። በዚህ ዓይነት አንዱ ብሎክ ሳያልቅ ቀብሩ ያልቃል።

እኔ በስብሰባ ላይ ተነሣሁና መፍትሔ አቀረብኩ። ባጃጅ ላይ ስፒከር እንጭናለን፣ መልእክቱን ላፕቶፕ ላይ እንቀዳለን፣ እየዞርን እናሰማለን። ካርዷም ስፒከሩም ከእኔ። ስፒከሩም ቢሆን ሱቄ ውስጥ ቆይቷል፤ የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ ተሰብሮ ጩኸት እንጂ ሹክሹክታ አያውቅም። ይህንን ለስብሰባው አልተናገርኩም። ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ደምሴም አጨበጨቡ፤ እጃቸው ሲገጥም ግን ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ይቆማል?"

"ምኑ ጋሽ ደምሴ?"

"ማሽኑ። መቆም ያውቃል ወይ? ይሄ ሥራ መናገሩ ቀላል ነው። ቅዳሴ ጋ ስትደርስ ትቆማለህ። አዛን ሲባል ትቆማለህ። መርዶ ያልተነገረው ዘመድ በር ላይ ስትደርስ ትቆማለህ። ካለፍክ በኋላ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።"

"አንድ ቁልፍ ነው" አልኳቸው። "ሲጫኑት ይቆማል፣ ሲጫኑት ይቀጥላል።" ነጋዴ አይደለሁ፤ ሞክሬው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የአባላችን የአቶ ሽፈራው አክስት ያረፉ ዕለት ነው። ከመውጣታችን በፊት ስፒከሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ላፕቶፑ ላይ የነበረ አንድ የቆየ የስብሰባ ጥሪ አሰማሁ፤ "ሊቀመንበራችን አቶ ወልዴ ስለ አዲሱ ድንኳን ስብሰባ ጠርተዋል" የሚል። ደህና ነው። ወጣን። ባጃጁን የሚነዳው ሽኩር ነው፤ እኔ ከኋላ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

መስጊዱ አጠገብ ስንደርስ አዛን ጀመረ። ሽኩር እጁን አነሣ። እኔ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ወዲያው አልቆመም፤ አንድ ሁለት ቃል ደርቦ "የአባላችን የአቶ ሽፈራው አክስት" ካለ በኋላ ጸጥ አለ። ሽኩር ዘወር ብሎ አየኝ። አዛኑ ሲያልቅ አሳልፈን ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩ።

"ሊቀመንበራችን አቶ ወልዴ" አለ ስፒከሩ፣ "ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት..."

ሽኩር ፍሬን ያዘ። "ጋሽ ወልዴም?"

"ስህተት ነው፤ ንዳ።"

"ጠዋት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ እኮ። ደህና ነበሩ።"

"ሽኩር፣ ስህተት ነው አልኩህ።"

ለማረም ብዬ አቆምኩት። ለማረም ብዬ ለቀቅኩት። ጋሽ ወልዴ ለሁለተኛ ጊዜ ሞቱ። ስቸኩል ቁልፉን ሁለቴ ነካሁት መሰለኝ፣ ለሦስተኛም ጊዜ ሞቱ። የአቶ ሽፈራው አክስት ተረሱ።

ጋሽ ወልዴ በዚያ ሰዓት ፀጉር እየተስተካከሉ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጥፍቶ "ነፍስ ይማር" አላቸው ይባላል፤ ይህን ግን እኔም አላመንኩም። እውነት የሆነው፣ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ቤታቸው ሲደርሱ የእድሩ ድንኳን ሁለት ምሰሶው ቆሟል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ደረት ሊመቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል። ጋሽ ወልዴ ግን ሊቀመንበር ናቸው። የስም መጥሪያውን መዝገብ አስመጡና ለራሳቸው ለቅሶ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ አንድ በአንድ ጠሩ። እስከ ዛሬ ሰላም የማይሏቸው ሁለት ሰዎች አሉ።

የእኔ ስም ሲጠራ "አቤት" አልኩ፤ ገና መድረሴ ነበር።

"አርፍደሃል" አሉኝ። "መሞቴን ከሁሉ በፊት የሰማኸው አንተ ነህ፤ የመጣኸው ግን መጨረሻ።"

ከዚያ ፍርድ ተሰጠ። አንድ ዕድል አለኝ። ማሽኑ ዳግመኛ ከተሳሳተ ጡሩምባውን እኔ እነፋለሁ፤ በእግሬ፤ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው እስኪሰማ ድረስ።

የምታስተካክልልኝን ሰው የጠቆሙኝ ጋሽ ደምሴ መሆናቸው ነው የከነከነኝ። ልጃቸው ቤቲ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትጽፋለች፣ ቱሉ ዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ላፕቶፑን፣ ካርዷንና ስፒከሩን ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ።

"ጋሼ፣ አባቴ እንዲያርፍ ስለምፈልግ ነው የምሠራልዎት" አለችኝ ገና በር ላይ። "ለማሽንዎ አዝኜ እንዳይመስልዎት።"

"የኔ እመቤት፣ እኔም አላዘንኩለትም።"

ትንሽ ነካካችውና "ችግሩ ድራይቨሩ ነው" አለች። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ሹፌር አንድ ቀልድ ይቀልዳል፤ እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ፊቷን አይቼ ዋጥኩት።

"ላፕቶፑና ካርዷ በቀጥታ አይግባቡም" አለች። "መሀል ላይ የሚያገናኛቸው ፕሮግራም ነው ድራይቨር የሚባለው። ደላላ ይበሉት።"

ደላላ ካለ ገባኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ከደላላ ጋር ነው የኖርኩት።

"ካርዷ ጉንጭ አላት። ሁለት ሰከንድ የሚሆን ድምፅ እየያዘች ነው የምታወራው። እርስዎ አቁም ሲሉ ደላላው 'እሺ' ይላል፣ ለካርዷ ግን አይነግራትም። እሱ ማቀበሉን ብቻ ያቆማል፤ እሷ ጉንጯ ውስጥ ያለውን አውርታ ትጨርሳለች።"

"አዛኑ ላይ ደርባ የተናገረችው ለዚያ ነዋ።"

"ለዚያ ነው። ቀጥል ሲሉት ደግሞ የት ላይ እንደቆመ አልያዘም። ሌላ ቦታ ላይ ያስጀምራታል። እዚያ ቦታ ላይ ያልተጠረገ የቆየ ድምፅ አለ። መጀመሪያ የቆየው ይወጣል፣ ከዚያ ነው አዲሱ የሚመጣው።"

ሁለቱንም ወገን እሺ የሚል፣ ለአንዱም የማይነግር፣ ያቆመበትን የማያውቅ። ይህን ደላላ የማውቀው መሰለኝ፤ መርካቶ አግኝቼዋለሁ።

ሥራው ተጀመረ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ለመሞከሪያ የሰው ስም እንዳይገባ። ስለዚህ በራሴ ድምፅ ከአንድ እስከ መቶ ቆጥሬ ቀዳንና አሥራ ሰባት ላይ ማቆም ጀመርን። ትክክል ከሆነ ሲቀጥል አሥራ ስምንት ማለት አለበት።

መጀመሪያ አስተካክላ ስንሞክረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ አለኝ። ቀጥል ስንለው ግን ዝም። ነካነው፣ ዝም። የሞተ ያህል ነው።

ሁለተኛ ስንሞክረው "አሥራ ሰባት" ካለ በኋላ "ሰባት ሰባት ሰባት ሰባት" እያለ እንደ ታክሲ ረዳት ተጣራ፤ ገመዱን ነቅለን አስቆምነው።

ሦስተኛ ስንሞክረው ከአሥራ ሰባት ወደ ሦስት ተመለሰ።

የስፒከሩ ድምፅ አይቀነስምና መላው ብሎክ አብሮን ይቆጥራል። ከላይኛው በረንዳ አንዲት ልብስ የሚያሰጡ ሴትዮ ወደ ታች ጎንበስ አሉ።

"ቤቲ፣ ከአሥራ ሰባት ማለፍ ምን አቃታችሁ?"

"ትንሽ ነው የቀረን እትዬ።"

"ሰውዬውን ነው የምታስተምሪው?"

"አዎ እትዬ።"

"በርታ አባቴ" አሉኝና አንሶላቸውን መጭመቅ ቀጠሉ።

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ናቸው።

"ንጉሤ አረፈ" አሉኝ። አቶ ንጉሤ የእድራችን አባል፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሆስፒታል ከገቡ ሳምንት ሆኗቸዋል። "ቀብሩ ሳሪስ አቦ፣ በዘጠኝ ሰዓት። አምስት ሰዓት ላይ መለፈፍ አለበት። አሁን ስማኝ፤ እህቱ አስካለ አልሰማችም።"

 እትዬ አስካለን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ደም ግፊት አለባቸው። ባለፈው ወር ደጃቸው ላይ ወድቀው በሰው ሸክም ነው የገቡት።

"ልጇ ግርማ ቂሊንጦ ፋብሪካ ሺፍት ላይ ነው፣ በስምንት ሰዓት ይደርሳል" አሉ ጋሽ ወልዴ። "'እኔ ካልነገርኳት ማንም እንዳይነግራት' ብሏል፤ ሲነግራት አጠገቧ መሆን ይፈልጋል። በሌላው መንገድ እንዳትዞር ለቧንቧ ተቆፍሯል። በበሯ ነው የምታልፈው። ማሽንህ በሯ ላይ ትንፍሽ ቢል፣ የጡሩምባውን ነገር እርሳው። ሌላ ነገር ነው የሚመጣው።"

"ጋሽ ደምሴ ለዛሬ ብቻ..."

"ደምሴ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። አብሮህ ባጃጁ ላይ ይቀመጣል፤ የት እንደምትቆም በእጁ ያሳይሃል።"

ስፒከሩን እዚያ ስትደርስ አታጠፋውም ወይ ትሉኛላችሁ። እኔም አስቤዋለሁ። ያ ስፒከር ሲጠፋም ሲበራም የከባድ መኪና ጎማ እንደፈነዳ ያህል ይጮሃል። ደም ግፊት ያለበት ሰው በር ላይ ጎማ ማፈንዳት መፍትሔ አይደለም።

ስልኩን ዘጋሁና ለቤቲ ነገርኳት።  ወደ ማሽኑ ጠጋ ብላ መጻፍ ጀመረች። እኔ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሦስት እርምጃ ሄጄ ግድግዳ ጋ እዞራለሁ። እግሬን አላሰብኩትም። ያሰብኩት ደጃፋቸው ላይ የወደቁ አንዲት ሴት፣ በላያቸው ላይ ደግሞ የሸጥኩት ሳይሆን መሸጥ ያቃተኝ ዕቃ ሲጮህ ነው። ሱቅ ውስጥ ሰው ስታታልል ቢበዛ ዕቃው ይመለስብሃል። ይሄ የት ይመለሳል?

"አገኘሁት" አለች። "ሲቆም ካርዷን ያስቆማታል፤ የት እንደደረሰችም ይይዛል። ሲቀጥል ከያዘው ቦታ ይሰጣታል። ይቁጠሩ።"

አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። ቤቲ አቆመችው። ጸጥ አለ። ከላይ የአንሶላው ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ሴትዮዋም መጭመቅ አቁመዋል። ቤቲ ለቀቀችው።

"አሥራ ስምንት" አለ ማሽኑ በእኔ ድምፅ።

"ተመስገን" አሉ ከላይ። "ሰው ከልቡ ከያዘው አያቅተውም።"

ሃያ ጊዜ ደገምነው። ሃያ ጊዜም ትክክል ሆነ። ሃያ አንደኛውን ልለምናት ነበር፤ ሰዓቱ ደርሷል። የአቶ ንጉሤን መልእክት ቀዳንና ወረድኩ።

ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን በሻል ጠቅልለው አጠገቤ ተቀመጡ። ሽኩር ነዳ። ማሽኑ ይናገራል፣ ቅዳሴ ጋ ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ አንድ ቃል አይጎድልም፣ አንድ ቃል አይተርፍም። እኔ ግን ላቤ ኮሌታዬን አርሶታል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ የእትዬ አስካለ አጥር ከሩቅ ታየ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አነሡ። ተጫንኩ።

"የእድራችን አባላት፣ አባላችን አቶ" ብሎ ቀጥ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር አቋቋም አላየሁም። ቤቲን በልቤ መረቅኳት።

ባጃጇ በጸጥታ መንገዱን ያዘች። ልክ አጥሩ ጋ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ጆሮዬ ውስጥ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው ሹክ አሉኝ።

"እኔ በር ላይ ስቆም እስላለሁ። ካልሆነም የሰው ዶሮ እሰድባለሁ። ዝም ተብሎ እኮ አይቆምም። ይሄንን ልነግርህ ረሳሁ።"

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው ላይ የሚለቅሙት ምስር በሰፌድ አለ። ሽኩር መንገዱን አፍጥጦ ያያል። እኔ ላፕቶፑን አፍጥጬ አያለሁ። ጋሽ ደምሴ ለመሳል ሞከሩ፤ ሳሉም እምቢ አላቸው።

"ሽኩር፣ አቁም" አሉ እትዬ አስካለ።

ቆመ። መጡና የባጃጁን ብረት ያዙ። ጣቴ ከቁልፉ ላይ አልተነሣም፤ ባነሣው የሚናገር፣ ብጫነው የሚናገር መስሎኝ እንደዚያው አደረቅኩት።

"አባላችን አቶ ማን?" አሉኝ።

ወደ ጋሽ ደምሴ ዞርኩ። 

"ጠዋት ጎረቤቴ ጨው ልትበደር መጥታ ዓይኔን ሳታይ ሄደች" አሉ። "ግርማ ከሥራ ቦታ ሁለቴ ደውሎ ቁርስ በላሽ ወይ አለኝ። ሲወለድ ጀምሮ ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ደግሞ እናንተ ከወፍጮ ቤት እስከዚህ ትንፍሽ ሳትሉ መጣችሁ። ንጉሤ ነው አይደል፣ ደምሴ?"

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ይወድቃሉ ብዬ ላፕቶፑን ወንበሩ ላይ ጥዬ ለመያዝ ተነሣሁ። አልወደቁም። ሰፌዱን ወደ ደረታቸው አስጠጉት፤ ምስሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልፈሰሰም።

"እኔ አልሰማሁም" አሉ ቀስ ብለው። "ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ይመጣል፤ እሱ ይነግረኛል። ይሄኔ የፋብሪካው ማሽን ጋ ቆሞ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነው። አታበላሹበት። ደምሴ፣ አንተ ውረድ፤ እኔ ጋ ቁጭ በል። እናንተ ሂዱ፣ ሰው እየጠበቃችሁ ነው።"

ጋሽ ደምሴ ወረዱ። ስንሄድ ዞር ብዬ ሳይ ሁለቱ በሩ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጋሽ ደምሴ ድምፅ የላቸውም፣ እትዬ አስካለም አልሰሙም።

መታጠፊያውን ካለፍን በኋላ ተጫንኩ።

"ንጉሤ" አለ ማሽኑ።

በስምንት ሰዓት ተመልሼ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። ለምን እንደሄድኩ አልነግራችሁም፤ እኔም አልገባኝም። ግርማ የፋብሪካ ልብሱን ሳያወልቅ ደረሰ። ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ቦታውን ለቀቁለት። ልጁ እናቱን ትከሻቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ነገራቸው፤ ሲያዘጋጅ የዋለውን ቃል አንዱንም ሳያስቀር። እትዬ አስካለ ገና አሁን እንደሰማ ሰው አዳመጡት። ከዚያ ከጠዋቱ ጀምሮ ይዘውት የዋሉት ለቅሶ ተለቀቀ። መጀመሪያ የጠሩት እናታቸውን ነው፤ ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ቀጥለው ባላቸውን ጠሩ። ንጉሤን የጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኬ ጮኸ። ቤቲ ናት።

"ጋሼ፣ ቆመ?"

"ቆመ።"

"ቀጠለስ?"

"ቀጠለ።"

"የቆየ ድምፅ ቀድሞ አልወጣም?"

ከአጥሩ ውስጥ የእትዬ አስካለ ለቅሶ ይሰማል።

"ከማሽኑስ አልወጣም" አልኳት።